ለኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ሥልጠና የሚጠና ነገር እንዴት ይመረጣል

ወደ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ፣ ማለትም በምስል እየተመሩ በመርፌና በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ወደሚሠራው ሕክምና፣ የሚገባ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የለም። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ አምስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ ለአምስቱም እኩል የሚመልስ መጽሐፍ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ ሥራ ለዚህ ታካሚ ይገባል ወይ? የአካሉና የደም ሥሩ አቀማመጥ ምን ይመስላል? በየትኛው ዕቃ ይሠራል? በምን ቅደም ተከተል? ሲበላሽስ ምን ይደረጋል? ወፍራሞቹ መጻሕፍት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥሩ ናቸው። የዕቃውን ጉዳይ ከአምራቹ መመሪያ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅደም ተከተሉን የኪስ መጽሐፍ ይዞታል። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በየቦታው ተበትኖ ስለሚገኝ ራስ መሰብሰብ ግድ ነው። ምንጭ ከመምረጥ በፊት ያልመለሳችሁት የትኛውን እንደሆነ ለዩ።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሥርዓተ ትምህርቱን ዝርዝር እጃችሁ ውስጥ አስገቡ። ሰርሴ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአውሮፓ ማኅበር የኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅቷል፤ ማኅበሩ የሚያስተዳድረው የአውሮፓ ቦርድ ፈተናም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላ ፈተና የምትፈተኑ ከሆነ የእሱን ዝርዝር አውጡ። ከእያንዳንዱ ርዕስ አጠገብ «ሠርቻለሁ»፣ «ረድቻለሁ»፣ «አይቻለሁ» ወይም «አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ። ሰልጣኝ በብዛት የሚያነበው ክፍሉ በየቀኑ የሚሠራውን ነው፤ ያ ደግሞ በእጅ የሚለመድ ስለሆነ ንባብ ከሁሉ ያነሰ የሚያስፈልገው ነው። ባዮፕሲና ድሬኔጅ (ናሙና መውሰድና ፈሳሽ ማውጣት) የሚበዛበት ማዕከል ውስጥ ያለ ሰው ገንዘቡን በደም ሥር መጽሐፍ ላይ ያውል። ቀኑን ሙሉ አንጂዮግራፊ (የደም ሥር ምስል) ክፍል የሚውል ደግሞ የሐሞት ቱቦና የኩላሊት ሥራ በደንብ የተጻፈበትን ይፈልግ። «አላየሁም» የሚለው አምድ የግዢ ዝርዝራችሁ ነው።

መጽሐፍ የሚፈተነው አንድ ምዕራፍ እስከ መጨረሻው በማንበብ ነው። እኔ ለዚህ የምመርጠው የኔፍሮስቶሚን፣ ማለትም ሽንትን በጀርባ በኩል ከኩላሊት በቱቦ የማስወጣትን፣ ምዕራፍ ነው። ሥራው የትም ይሠራል፣ ቀላልም ይመስላል፤ ሲበላሽ ግን ሰው ይገድላል። ጥሩ ምዕራፍ መርፌው ወደ ታችኛውና ወደ ኋላ ወደ ዞረው ካሊክስ (የሽንት መሰብሰቢያ ጽዋ) እንዲሄድ ሲያዝ ምክንያቱንም አብሮ ይናገራል፦ በዚያ በኩል መርፌው የሚያልፈው ትልልቅ የደም ሥር በማይበዛበት፣ የብሮደል መስመር በሚባለው የኩላሊት ክፍል ነው። በቀጥታ ወደ ሬናል ፔልቪስ (የኩላሊቱ ዋና የሽንት ቋት) መውጋት የማይመከረው ትልልቆቹ የደም ሥር ቅርንጫፎች እዚያ አካባቢ ስላሉ እንደሆነም ይገልጻል። በ21 ጌጅ መርፌ ውስጥ የሚያልፈው 0.018 ኢንች ዋየር (መሪ ሽቦ) ብቻ መሆኑን፣ ወደ 0.035 ለማደግ መሸጋገሪያ ሺዝ (ሌላ ዕቃ የሚያልፍበት ቱቦ) እንደሚያስፈልግ፣ ለመደበኛ ሥራ 8 ፍሬንች (ፍሬንች የቱቦ ውፍረት መለኪያ ነው) ድሬን እንደሚበቃ ይነግራችኋል።

ዋናው ፈተና ግን በባክቴሪያ የተመረዘው ኩላሊት ነው። መጽሐፉ «ኮንትራስት (በምስል ላይ የሚታይ ፈሳሽ) ሰጥተህ ሙሉ ፎቶ አንሳ» ካለ መልሱት። መግል ባለበት ቦታ ፈሳሽ በግፊት መጨመር ባክቴሪያውን ወደ ደም ይገፋዋል፤ ታካሚው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ትክክለኛው አካሄድ አንቲባዮቲክ ቀድሞ መስጠት፣ መጀመሪያ ሽንቱን መቅዳትና ለላቦራቶሪ መላክ፣ ቦታውን ለማረጋገጥ ያህል ጥቂት ኮንትራስት ብቻ መስጠት፣ ድሬኑን ማስገባትና ሙሉውን ምርመራ ለሌላ ቀን መተው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውንም አንብቡ፦ ቀላ ያለ ሽንት ለአንድ ለሁለት ቀን የሚጠበቅ መሆኑን፣ ከዚያ ካለፈ ወይም ደማቅ ደም ከመጣ ፕሱዶአኒዩሪዝም (ከተጎዳ ደም ሥር ጎን የሚፈጠር የደም ከረጢት) ተጠርጥሮ አንጂዮግራፊ መታሰብ እንዳለበት ይላል? ይህን የሚል መጽሐፍ ሥራውን በሠራ ሰው የተጻፈ ነው። «መርፌውን አስገባ፣ ዋየሩን አሳልፍ፣ ድሬኑን አስቀምጥ» ብሎ የሚያልፈው ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር አይረዳችሁም።

ያገለገለና የቆየ እትም በርካሽ ሲገኝ ልግዛው ወይስ ልተወው የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። የሰውነት አቀማመጥና የእጅ ዘዴ ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። ሴልዲንገር በ1953 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው በዋየር ላይ ካቴተር የማስገባት ዘዴ ዛሬም የሥራችን መነሻ ነው። ቶሎ የሚያረጀው ቁጥር ነው። በጣም ግልጹን ምሳሌ እንውሰድ። የአሜሪካው የኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ማኅበር በ2012 ባወጣው ስምምነት የመድማት ስጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሥራም ፕሌትሌት (ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ብዛት) ከ50,000 በላይ፣ አይኤንአርም (ደሙ ለመርጋት የሚዘገይበት መለኪያ) ከ2.0 በታች እንዲሆን ይመከር ነበር። በ2019 የወጣው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የደም መርጋት ምርመራን በዘልማድ ማዘዝ አያስፈልግም ይላል፤ ከተሠራም አይኤንአር ከ2.0 እስከ 3.0፣ ፕሌትሌት ከ20,000 በላይ ይበቃል። ስጋቱ ከፍተኛ ለሆነ ሥራ አይኤንአር ከ1.5 እስከ 1.8 ባለው ገደብ ውስጥ፣ ፕሌትሌት ደግሞ ከ50,000 በላይ ነው። ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ላለበት ሰው የተለየ መስመር ተሰጥቶታል፦ ለከፍተኛ ስጋት ሥራ አይኤንአር ከ2.5 በታች፣ ፕሌትሌት ከ30,000 በላይ፣ ፋይብሪኖጅን ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ። የድሮውን ቁጥር የያዘ ሰልጣኝ ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) ላለበት ታካሚ ፕላዝማ እያንጠለጠለ ሥራውን ያዘገያል። የተሰጠው ፈሳሽ የፖርታል ግፊትን (ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ያለውን ግፊት) ከፍ ስለሚያደርግ ልንከላከለው የፈለግነውን መድማት ያባብሳል።

የጠበበ ደም ሥር የሚያሰፋው፣ ፓክሊታክሰል የሚባል መድኃኒት የተቀባ ባሉንም እንዲሁ ነው። በ2018 መጨረሻ የወጣ የጥናቶች ድምር ትንታኔ በእግር ደም ሥር ላይ የዋሉት እነዚህ ዕቃዎች የሞት ቁጥርን ከፍ ሳያደርጉ አይቀሩም አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2019 አስጠነቀቀ። በሐምሌ 2023 ያው መሥሪያ ቤት የተሰበሰበው መረጃ ተጨማሪ የሞት ስጋት መኖሩን አይደግፍም ብሎ አቋሙን አስተካከለ። በ2020 የታተመ መጽሐፍ ስጋቱን ይነግራችኋል፣ መልሱን ግን አይነግራችሁም። የዓይን ሌንስ የጨረር ገደብም በዓመት 150 ሚሊሲቨርት የነበረ ሲሆን ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን በ2011 በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት ወደ 20 አውርዶታል፤ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 እንዳያልፍም ወስኗል። 150 የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ የቀረውንም ቁጥሩን አትመኑ።

ስለዚህ እኔ የምከተለው ሕግ አጭር ነው፦ ምክንያትን ከመጽሐፍ፣ ቁጥርን ከመመሪያ። ቁጥር ስትጽፉ ያወጣውን አካልና ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ። ይህን የማያደርግ ሰው ሁለት መመሪያዎች ሲጋጩ ግራ ይገባዋል፤ መጋጨታቸው ደግሞ አይቀርም። ኮንትራስት ኩላሊትን ይጎዳል በሚለው ስጋት ላይ የአሜሪካው የራዲዮሎጂ ኮሌጅ መከላከያ ፈሳሽ መስጠትን በዋናነት የሚያስበው ኢጂኤፍአር (የኩላሊት የማጣራት አቅም) ከ30 በታች ለሆነ ታካሚ ነው። የአውሮፓው የዩሮጄኒታል ራዲዮሎጂ ማኅበር ግን ኮንትራስቱ በአርተሪ ተሰጥቶ ሳይቀጥን በቀጥታ ኩላሊት ላይ የሚደርስ ከሆነ ገደቡን ወደ 45 ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱም የታሰበባቸው ናቸው፤ ፈታኙ የትኛውን እንደሚከተልና ክፍላችሁ የትኛውን እንደተቀበለ ማወቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሰልጣኞች በብዛት የሚዘሉት የዕቃውን ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከየዕቃው ማሸጊያ ጋር የሚመጣው የአጠቃቀም መመሪያ በነጻ የሚገኝ የጥናት ምንጭ ነው፤ አብዛኛው ግን ሳይነበብ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ከሥራ በኋላ ማሸጊያውን ሰብስቡና ልኬቶቹን አንብቡ። 1 ፍሬንች የሚሊሜትር ሲሶ ነው፤ 6 ፍሬንች 2 ሚሊሜትር ማለት ነው። የሺዝ ቁጥር የሚናገረው ውስጡን ነው፤ 6 ፍሬንች ሺዝ 6 ፍሬንች ካቴተር ያስገባል፣ ደም ሥሩ ላይ የሚተወው ቀዳዳ ግን ወደ 8 ፍሬንች ይጠጋል። የጋይዲንግ ካቴተር ቁጥር ደግሞ የውጭውን ይለካል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው በሥራው መሐል የማይገባ ዕቃ ያስከፍታል፤ የተከፈተ ዕቃ ደግሞ አይመለስም።

ርዝመትም ያው ነው። 100 ሴንቲሜትር ካቴተር ውስጥ 130 ሴንቲሜትር ማይክሮካቴተር ስታስገቡ 30 ሴንቲሜትር የሚተርፋችሁ ይመስላል፤ ካቴተሩ የኋላ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ቫልቭ ግን ከዚያ ላይ ብዙ ሴንቲሜትር ይወስዳል። ከግራ እጅ አንጓ ተነስቶ ወደ ማሕፀን አርተሪ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ካላሰላ ዒላማው ጫፍ ላይ ደርሶ ያልቅበታል። ለዚያ መንገድ 150 ሴንቲሜትር ማይክሮካቴተር ያዙ።

በኤምቦላይዜሽን (ደም ሥርን ከውስጥ በመድፈን) ዕቃዎች ላይ መመሪያው የሚላችሁን ከምክንያቱ ጋር ያዙት። ከደም ሥሩ ያነሰ ኮይል (የሚጠቀለል መድፈኛ ሽቦ) በደም ተገፍቶ ወደማይፈለግበት ይሄዳል፤ ከልክ በላይ የሰፋው ደግሞ ሳይጠቀለል ተዘርግቶ ይቀርና ካቴተሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቫስኩላር ፕላግ ከደም ሥሩ ስፋት ከ30 እስከ 50 በመቶ በልጦ ይመረጣል። 0.018 ኮይል ከልኩ በላይ በሰፋ ማይክሮካቴተር ውስጥ ታጥፎ ሊቀረቀር ይችላል። በዲኤምኤስኦ የሚሟሟ ፈሳሽ ኤምቦሊክ ለእሱ ባልተሠራ ካቴተር ውስጥ ከገባ ፕላስቲኩን ያበላሻል። ኤንቢሲኤ የሚባለው ሙጫ ጨው ካለው ፈሳሽም ሆነ ከደም ጋር ሲገናኝ ይደርቃል፤ ማይክሮካቴተሩ በ5 በመቶ ዴክስትሮስ የሚታጠበው ለዚህ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ የሴላይን ስሪንጅ ተረስቶ መቅረቱ ብቻ ሥራውን ሊያጠፋው ይችላል። እነዚህን ከቪዲዮ ይልቅ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ለምናችሁ ጠረጴዛ ላይ በማገጣጠም ተማሩ፤ የቱ በየቱ ውስጥ እንደሚያልፍ አንዴ በእጅ ከተሞከረ አይረሳም። የአምራች ተወካይ የሚሰጠው ሥልጠናም ለልኬትና ለአገጣጠም ጥሩ ነው። የትኛው ዕቃ ይሻላል ለሚለው ግን እሱን አትጠይቁ።

ለአናቶሚ ከየትኛውም አትላስ በፊት የራሳችሁን ሆስፒታል ሲቲ አስቀድማለሁ። ነገ የሚሠራውን ታካሚ ሲቲ ዛሬ ማታ ክፈቱ፤ ሴሊያክ ግንዱን ከአዎርታ ጀምራችሁ እስከ ጉበቱ ቅርንጫፍ ተከተሉና በወረቀት ላይ ሣሉት፤ ነገ አንጂዮግራፊው ሲወጣ ሥዕላችሁን አጠገቡ አድርጉ። የቀኝ ጉበት አርተሪ ከላይኛው ሜሰንተሪክ አርተሪ ሲነሳ ከአስር ሰው ቢያንስ በአንዱ ይታያል፤ ይህን ሲቲው ላይ ሳያይ የገባ ሰው ሴሊያክ ውስጥ የጠፋ ቅርንጫፍ ሲፈልግ ጨረርና ኮንትራስት ያባክናል። አትላስ የሚያስፈልጋችሁ ሲቲ በደንብ ለማያሳያቸው ቀጫጭን ሥሮች ነው። ለብሮንኪያል (የሳንባ አየር ቧንቧ ደም ሥር) ኤምቦላይዜሽን የምታነቡት ምንጭ የአከርካሪ ገመድን የሚመግበውን የአዳምኪዊችን አርተሪ፣ የፀጉር መያዣ የሚመስለውን መታጠፊያውን፣ በእውነተኛ አንጂዮግራፊ ምስል ካላሳያችሁ ተዉት፤ በእርሳስ የተሣለው ሥዕል በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ጋር አይመሳሰልም። ያንን መታጠፊያ አለማወቅ ታካሚውን ሽባ ያደርገዋል።

ቪዲዮ ለእጅ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው፦ መርፌና አልትራሳውንድ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ፣ ዋየሩ እንዴት እንደሚሽከረከር። ችግሩ ተቆርጦ የተቀጣጠለ መሆኑ ነው፤ ሃያ ደቂቃ የፈጀው የካቴተር ፍለጋ በአሥር ሰከንድ ያልፋል። ማኅበራት ካዘጋጁት የጉባኤ ቅጂ ውስጥ ስለ ችግርና ስለ መጥፎ ውጤት የሚነጋገሩበትን ክፍል ምረጡ፤ «እንከን የለሽ» የሚል ርዕስ ያለውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

የራዲዮሎጂ ሰዎች ደካማ የምንሆነው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው፤ ሥራው ይገባል ወይ በሚለው። እዚህ የሌሎች ሙያዎች ጽሑፍ ይበልጣል። ስለ ቲፕስ (የፖርታል ግፊትን ለመቀነስ በጉበት ውስጥ የሚከፈት የደም መተላለፊያ) ለመማር የጉበት ሐኪሞች ስምምነት የሆነውን ባቬኖን አንብቡ፤ በ2022 የወጣው ሰባተኛው ስምምነት የትኛው የቫሪስ (በምግብ ቧንቧ ወይም በጨጓራ ያበጠ ደም ሥር) ደም የፈሰሰው ታካሚ በ72 ሰዓት ውስጥ ቲፕስ እንደሚገባው በቻይልድ ፒዩ (የጉበት በሽታ ክብደት መለኪያ) ነጥብ ለይቶ ያስቀምጣል። ከሥራው በኋላ የግፊት ልዩነቱ ከ12 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች እንዲሆን የሚፈለገው ለምን እንደሆነም ከዚያ ይገባችኋል። ለጉበት ካንሰር የባርሴሎናው አመዳደብ የመጨረሻው ቅጂ ያስፈልጋል።

በእግር ደም ሥር መዘጋት ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። በ2022 የወጣው ቤስት ሲኤልአይ ጥሩ የሳፌነስ ደም ሥር ላላቸው ሰዎች ቀዶ ሕክምናን ሲያስቀድም፣ በ2023 የወጣው ባዚል 2 ከጉልበት በታች ለሚደርስ በሽታ በካቴተር መጀመር ይሻላል አለ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ፣ እነማን እንደተመረጡና ምን እንደተለካ በራሳችሁ ቃል አንድ ገጽ ጻፉ። የሰው ማጠቃለያ አሥር ጊዜ ከማንበብ ይህ ይበልጣል። በሳምንት አንድ ጽሑፍ እንዲህ ከተነበበ ይበቃል።

የጥያቄ ባንክ ፈተናው ሲቃረብ ያስፈልጋል። ቀድሞ መጀመሩ ጉዳቱ ጥያቄውን እንጂ ነገሩን ማስታወሳችሁ ነው። አንኪን የመሰለ የፍላሽ ካርድ መተግበሪያ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጠቅማል፤ ካርዱን ራሳችሁ ከጻፋችሁት፣ በአንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ካደረጋችሁና ከቁጥሩ ጋር ዓመቱን ካስቀመጣችሁ። ሰው የሠራውን የሺዎች ካርድ ክምር ያወረደ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ የምታቀርቡ ከሆነም ማብራሪያውን ውሰዱ፣ መጠንና ልኬቱን ግን መመሪያው ላይ ሳታዩ ወደ ካርዳችሁ አታስገቡ።

ከዚህ ሁሉ ንባብ መውጣት ያለበት ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ነው። ከላይ ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ፤ ቀጥሎ የሚታዩት የላቦራቶሪ ውጤቶችና የሚቆሙት መድኃኒቶች፤ ከዚያ ዕቃው ከመርፌ ጀምሮ በሚከፈትበት ቅደም ተከተል ከነልኬቱ፤ ከዚያ እርምጃዎቹ፤ በየእርምጃው መካከል «ይህ ካልታየ አትቀጥል» የሚል ማቆሚያ። ለምሳሌ ጭን ላይ ሲወጋ መርፌው ከፌሞራል ራስ ትይዩ መሆኑ ሳይረጋገጥ ሺዝ አይገባም፤ ከፍ ካለ ደሙ ከሆድ ዕቃው ጀርባ ይፈስና ሳይታይ ይቆያል፣ ዝቅ ካለ ፕሱዶአኒዩሪዝም ይከተላል። ከታች ከሥራው በኋላ የሚጻፈው ትእዛዝ። ገጹን ከሥራው በፊት በእርሳስ ጻፉት፣ ከሥራው በኋላ አርሙት፤ አለቃችሁ የተለየ ዕቃ ከመረጡ ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ በኅዳጉ አስፍሩ።

የመጀመሪያው ገጽ ግን የሥራ ሳይሆን የአደጋ ይሁን፤ ከመጀመሪያው ተረኝነት በፊትም ተጽፎ ይለቅ። ለከባድ የኮንትራስት አለርጂ አድሬናሊን 0.3 እስከ 0.5 ሚሊግራም በጡንቻ፣ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ከሆነው። ሊዶካይን አድሬናሊን ሳይጨመርበት 4.5 ሚሊግራም በኪሎ፣ ከ300 ሚሊግራም ሳያልፍ፤ ይህም 1 በመቶ ከሆነው 30 ሚሊሊትር ነው። ለሄፓሪን ማርከሻ ፕሮታሚን በየ100 ዩኒቱ 1 ሚሊግራም፣ ካለፈው ሰዓት ጋር እየተቀነሰ። አየር ወደ ቬን ከገባ ታካሚውን በግራ ጎኑ ማስተኛት፣ ራሱን ዝቅ ማድረግና 100 በመቶ ኦክስጅን መስጠት። ለማስታገሻ መድኃኒቶች ናሎክሶንና ፍሉማዜኒል የተቀመጡበት መሳቢያ። ጨረሩ 5 ግሬይ ካለፈ ለታካሚው የሚነገረውና ቆዳው የሚታይበት ቀጠሮ። ገጹን ከክፍሉ ነርሶች ጋር አንድ ላይ አንብቡት፤ መድኃኒቱ በእርግጥ ያ መሳቢያ ውስጥ መኖሩንና ጊዜው አለማለፉን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።